ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለችው ልብስ አጣቢ ቤት፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያየኋት

ሪቪው ምናምን መጻፍ ልማዴ አይደለም። ግን ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ ሥራ ቦታ አራት ሰው "ጋዋንህን ማን ነው የሚያጥብልህ?" ብሎ ጠይቆኛል፣ አንዷ ጓደኛዬማ ጭራሽ "ሳትነግረን አገባህ እንዴ?" አለችኝ፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ እዚህ ልላክ ብዬ ነው። ረዘም ይላል። ምክንያቱም ይቺን ቤት አንድ ቀን አይቶ ጥሩ ናት መጥፎ ናት ማለት አይቻልም፣ እኔ ራሴ በነሐሴ የሰጠኋት ኮከብና ዛሬ የምሰጣት አንድ አይደለም። ላውንደሪ እንዳልላት ላውንደሪ ሲባል ማሽንና የመስታወት በር ነው የሚታየኝ፣ እዚህ ያለው አንድ ግቢ፣ ዘጠኝ ገመድና ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማይ የሚያዩ አንድ እናት ናቸው።

ቦታዋ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርደው በኩል ሄዳችሁ ወደ ቀሃ ወንዝ ስትጠጉ ነው። ታፔላ የላትም፣ ስምም የላትም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፣ ዘወትር ገርበብ ያለ ነው፣ ከውስጥ የኦሞ ሽታ ይመጣል፣ በቃ እሷ ናት። ባለቤቷን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው።

ለምን ልብሴን ራሴ አላጥብም ለምትሉኝ፣ ወንደላጤ ነኝ፣ የተከራየሁት ክፍል ፎቅ ላይ ነው፣ ማስጫ የለውም፣ በረንዳውን አከራዬ በማገዶና በድሮ ወንበር ሞልተውታል። የምሠራው ፋርማሲ ነው፣ ሦስት ነጭ ጋዋን አለኝ፣ ነጭ ደግሞ ምንም አይደብቅም። ጎንደር ሐምሌና ነሐሴን ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ልብስ ማጠብ ቀላል ነው፣ ማድረቅ ነው ጉዱ። ዝናቡ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ ሳይዘንብ በዋለ ቀን እንኳን አየሩ ራሱ ውሃ ጠጥቶ የጠገበ ስለሆነ ከልብሱ ላይ እርጥበቱን የሚቀበለው የለም፣ ከተማው 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ደግሞ ፀሐይዋ ካልወጣች ብርድ ነው፣ ቤት ውስጥ ያሰጣችሁት ካልሲ በሦስተኛው ቀን ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ደርቋል ልትሉ ትፈልጋላችሁ፣ አልደረቀም።

አምና አንድ ላውንደሪ ነበር የምጠቀመው፣ የት እንደሆነ ተዉት። "በሃያ አራት ሰዓት" ይላሉ፣ ያደርሳሉም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ መጀመሪያ። በኋላ ነው የገባኝ፣ እርጥቡን በካውያ እየመቱ ነው የሚሰጡኝ። ሲቀበሉት ሞቃትና ደረቅ ነው፣ ተጣጥፎ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቷል፣ ጠዋት ለብሳችሁት ወጥታችሁ ረፋድ ላይ ሰውነታችሁ ሲሞቅ ያ የሻገተ ጨርቅ ሽታ ከአንገታችሁ ሥር ይነሳል። አንዲት እናት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትሸፍን ያየሁ ቀን ነው ሌላ ቤት የፈለግኩት።

እትዬ ጋ መጀመሪያ የሄድኩት በቡሄ ማግስት ነው። ካፊያ አለ። ሦስቱንም ጋዋንና ሁለት ሱሪ ይዤ ገባሁ፣ ሰላምታው እንዳለቀ (ጎንደር ነው፣ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም) "ለመቼ ነው ምትፈልገው?" አሉኝ። "ለነገ ቢደርስልኝ እትዬ።" ቀና ብለው በስተሰሜን በኩል ወደ ጎሃ ተራራ አዩ። ተራራው የለም፣ ጉም ውጦታል። "ጎሃን አየኸው? እንዲህ ከለበሰ ለነገ ብዬ አልዋሽህም። በሦስተኛው ቀን ና። እሱም ጠሐይ ከወጣች።" እኔ ደግሞ የሃያ አራት ሰዓቱን ቤት የለመድኩ ነኝ፣ ደነገጥኩ፣ "ካውያ ቢመታበትስ?" አልኩ። እንዴት እንዳዩኝ! "የኔ ልጅ፣ እርጥብ ልብስ በካውያ መምታት እኮ ጥሬ ሥጋ ላይ ቅቤ መቀባት ነው፣ አይበስል።" ከዛ በኋላ አልተከራከርኩም። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፣ አልደረቀም። በአራተኛው ቀን ወሰድኩ። ምንም አይሸትም ነበር፣ ምንም። ሳሙናውም አይሸት፣ ጨርቅ ጨርቅ ብቻ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፣ ገንዘቤን ከፍዬ ቆሜ ያየሁት እሱን ስለሆነ። ውሃው የጣራ ውሃ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ እትዬ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር አራት በርሜል ደርድረዋል፣ ሌሊት ሲጥል ያደረው ይሞላዋል፣ ለሳሙና ደግሞ ከቧንቧው ይልቅ የሰማዩ ውሃ ይመቻል፣ ትንሽ ኦሞ ጠብ ሲደረግበት አረፋው ይገነፍላል። ቀሃ ቅርብ ቢሆንም ክረምት ላይ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ደፍርሶ ስለሚወርድ ማንም አያጥብበትም። አጠባው በእጅ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ አንገትና እጅጌውን በአጃክስ ለብቻው ያሻሉ። በረኪና እትዬ ካላዘዙ አይነካም፣ "በረኪና ነጭ አያረግም፣ ይበላል እንጂ፣ ነጭ ምታረግ ጠሐይ ናት" ነው ነገሩ።

አሰጣጡን ግን ቪዲዮ ብቀርጸው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ዘጠኙ ገመድ አንድ አይደለም። ግድግዳውን ተጠግተው ያሉት ሁለቱ ጥላ ናቸው፣ ጥቁርና ጥለት ያለው ነገር እዛ ነው፣ የቀሚስ ጥለት ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዛልና። መሀል ያሉት የሸሚዝና የጋዋን ናቸው፣ ጋዋን ተገልብጦ፣ ኪሱ ወደ ውጭ ተጎልጉሎ፣ ምክንያቱም መጨረሻ የሚደርቀው ኪስ ነው፣ ይሄን ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ አላውቅም ነበር። ጋቢ ደግሞ በአንድ ገመድ አይሰቀልም፣ በሁለት ትይዩ ገመድ ላይ እንደ ድንኳን ይዘረጋና በመሀሉ ንፋስ ያልፍበታል። የሚጨመቀውም በሁለት ሰው ነው፣ አንዷ ልጅ ጫፉን በእንጨት ጠምዝዛ ትይዛለች፣ ሌላዋ በተቃራኒው ታዞራለች፣ ውሃው እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ካውያ የሚመታው የእትዬ ልጅ ነው፣ መብራት ካለ በኤሌክትሪክ፣ ከጠፋ በከሰል። የከሰሉ ይሻላል እላለሁ እኔ፣ ክብደት አለው፣ ግን አንዴ የፍም ብናኝ እጅጌዬ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቡናማ ነጥብ ትቶብኛል፣ ይቺ አንዷ ቅሬታ ትያዝልኝ።

ነሐሴ በዚህ አለቀ። ጋዋን በሦስት በአራት ቀን፣ ሱሪ በአምስት። ጋቢና ብርድ ልብስ ጭራሽ አይቀበሉም ነበር፣ አንድ ሰውዬ ቡልኮ ይዞ መጥቶ ሲለምን "መስከረም ይጥባ" ብለው መለሱት። ያኔ ሪቪው ብጽፍ ኖሮ ሦስት ኮከብ ነበር፣ ንጹህ ግን ቀርፋፋ ብዬ።

ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል። ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ከሰዓት ላይ ጋዋኔን ልወስድ ስገባ ልክ ዝናቡ መጣ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ጠብታ ሲወርድ ግቢው በሙሉ "ሰብስቡ! ሰብስቡ!" ይባላል፣ ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኙ ገመድ ባዶ ነው። የዛን ቀን ማንም አልተነቃነቀም። የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው እየጮሁ ዝናቡ ውስጥ ይዘላሉ፣ እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን እየታጠቡ ነው፣ የእኔ ጋዋን መሀል ገመድ ላይ ይንጠባጠባል። "እትዬ ልብሱ!" አልኩ። "የሩፋኤል ዝናብ እኮ ነው፣ ጠበል ነው፣ ተባርኮልሃል!" ምን ልበል? ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ፣ ሁለቱ ሌሎች ጋዋኖች ቆሽሸዋል። የተባረከው ጋዋን ሁለት ቀን ጨመረ፣ እኔ በማግስቱ የጓደኛዬን ጋዋን ተውሼ ገባሁ፣ ጓደኛዬ ቀጭን ነው። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፣ እምነቱን አከብራለሁ፣ እናቴም ብትሆን ያንኑ ነው የምታደርገው፣ ግን የደንበኛ ልብስ ከመጠመቁ በፊት ደንበኛው ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

መስከረም አንድ ጠዋት እንዴት ያለ ብራ መሰላችሁ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ልጃገረዶቹ አደይ አበባቸውን ይዘው በየቤቱ እየዘፈኑ፣ ጎሃ ከእነ ዛፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የፋሲል ግንብ ድንጋይ ላይ ክረምቱን የበቀለው አረንጓዴ ነገር ሳይቀር ያበራል። በቃ አለቀ አልኩ፣ ክረምት ወጣ፣ ቲቪውም "እንኳን ለብሩህ ጸደይ አደረሳችሁ" ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል፣ ከቆርቆሮው ጩኸት ሰው ከሰው የማያሰማማ። ያልታደለ ሰው ያሰጣውን አየሁ፣ ከጎረቤት ግቢ አንድ አንሶላ ከነገመዱ ጭቃ ላይ።

በማግስቱ እንኳን አደረስዎት ልል ስሄድ ለእትዬ ይሄን አማረርኩ፣ ጸደይ ገባ ተብሎ ምንድነው ይሄ ብዬ። ሳቁብኝ። "ጸደይ ማን አለህ? ጸደይ መጋቢት 26 ነው ሚገባ። አሁን ክረምት ነህ፣ እስከ መስከረም 25። ከዛ መጸው ነው።" የአባታቸው ልጅ ናቸው፣ አባታቸው ቄስ ነበሩ። በእርግጥም በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ዓመቱ እንደዛ ነው የሚከፈለው፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ከዛ በጋ፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ከዛ ክረምት። እኛ በዘፈንና በፖስት መስከረምን ጸደይ አድርገን ለምደነዋል፣ ገመዱ ግን በእትዬ ቁጥር ነው የሚሄደው። "ዓመቱ ይለወጣል እንጂ ሰማዩ ቀጠሮ የለበትም" አሉ። በእርግጥ የዛን ቀን እሳቸውም ተሸውደው ነበር፣ በዓል ነው ብለው ነጠላቸውን አስጥተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው በረዶው አግኝቶታል፣ ልጃቸው ነው የነገረኝ።

ከዛ ወዲያ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው እንግዲህ ይቺን ቤት የወደድኳቸው። ክረምቱ አልወጣም፣ አልተቀመጠምም። ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ብራ፣ ሰባት ላይ ደመና፣ ስምንት ዘጠኝ ላይ ዶፍ፣ አሥራ አንድ ላይ እንደገና ፀሐይ፣ አንዳንዴ ፀሐይና ዝናቡ አንድ ላይ ሆነው ልጆቹ "ጅብ ወለደች!" እያሉ ይጮሃሉ። ሌላው ላውንደሪ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ያበላሻል። እትዬ ቀኑን ከፋፈሉት። ስስ ነገር ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ታጥቦ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ፀሐይዋ ስትወጣ ገመድ ላይ ነው፣ ከስድስት በፊት ይነሳል። ወፍራሙ እስከ ከሰዓት በረንዳ ሥር ንፋስ ይበላል፣ ማታ ውጭ አያድርም፣ የመስከረም ጤዛ የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። በዚህ አያያዝ ጋዋኔ መጀመሪያ በሁለት ቀን፣ መስከረም ስምንት አካባቢ በአንድ ቀን ተኩል፣ ደግሞ መሀል ላይ ሁለት ቀን ጨለማ ሆኖ ወደ ሦስት ተመለሰ፣ ከዛ አንድ ቀን። ግራፍ ቢሠራ መሰላል ሳይሆን የበግ ዱካ ነው የሚመስለው።

ሌላ ዘዴም አላቸው፣ አዘዞ። እህታቸው አዘዞ ናቸው። አዘዞ ከከተማው ዝቅ ያለ ሜዳ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት፣ እና እዚህ ፒያሳ ላይ ሲያወርደው እዛ ጠራርጎ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን አለ፣ ተቃራኒውም አለ። እትዬ ጠዋት ይደውላሉ፣ "እንዴት ነው እናንተ ጋ?"፣ ብራ ነው ከተባሉ ከባድ ከባዱ በማዳበሪያ ተደርጎ በባጃጅ ወደ አዘዞ። ከደባርቅ መስመር የሚመጣ አንድ ደንበኛ ሹፌር ደግሞ ላይኛውን ይነግራቸዋል፣ ወገራ ገና ጉም ነው፣ ዳባት አደይ አልፈነዳም ምናምን። የአየር ትንበያ በሉት።

የእናቴ ጋቢ የተበላሸው በዚህ የአዘዞ ሥርዓት ነው።

እናቴ ከቆላ ድባ ለመስቀል እንደምትመጣ ደወለች። እኔ ጋ ክረምቱን የለበስኩት የእሷ ጋቢ አለ፣ ራሷ የፈተለችው፣ አራት እጥፍ፣ ከባድ፣ ቡና ፈሶበታል። መስከረም 12 ይዤ ሄድኩ፣ እትዬ "ከመስቀል በኋላ አምጣው" አሉ፣ ለመንኩ፣ እናቴ ናት አልኩ። እናት ሲባል እሺ አሉ፣ 200 ብር። በ15 ልወስድ ስሄድ ጋቢው ታጥፎ ይጠብቀኛል፣ ቡናው ለቋል፣ ነጭ ሆኗል፣ ገልበጥ ሳደርገው... ቢጫ። አንድ ቦታ አይደለም፣ ከጥለቱ ወደ መሀል ሰባት ስምንት ቦታ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ እርድ የነካው ጣት እየጠቆመ የሄደበት ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ ላይ አበባዋ ራሷ ተጨፍልቃ ተጣብቃለች፣ ስምንት ቅጠሏ ተቆጥራ። አዘዞ ገመድ ሞልቶ ሣሩ ላይ ዘርግተውታል፣ ሣሩ ውስጥ አደይ ፈንድቷል፣ የጎረቤት ጥጃ ደግሞ መጥታ ተኝታበታለች ይላሉ፣ ጥጃዋን አላመንኩም ግን ማን ያውቃል።

እትዬ አልተከራከሩም። ያዩት እኔ ሳሳያቸው ነው፣ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ልጆቹን ጠሩ፣ "ይሄን አይታችሁ ነው አጥፋችሁ ያስቀመጣችሁት?" አሉ፣ 200 ብሩን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉ። "እናትህ መቼ ነው ምትመጣ?" "ነገ።" "እንግዲያስ አሁን ባጥበው ነገ አይደርቅም። እርጥብ ጋቢ ከምታለብሳት አበባ ያለበትን አልብሳት።" ይሄን በቁጭት ነው ያሉት፣ ቀልድ አልነበረም። እኔም ተናድጄ ወጣሁ፣ ብሩንም ወሰድኩ፣ አልዋሽም።

እናቴ መጣች፣ ጋቢውን ገለጠችው፣ ዝም ብላ አየችው፣ "ገንዘብ ከፍለህ ነው ይሄን ያሠራኸው?" አለችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፣ ቢጫውን ወደ ውስጥ አድርጋ። በዚያው ወደ ደመራው ሄድን። ችቦው ተለኩሶ፣ መዘምራኑ እየወረቡ፣ ሕዝቡ ጢም ብሎ፣ ደመናው ደግሞ ከላይ ጥቁር፣ እናቴ "አይዘንብም፣ መስቀል ነው" ባለች በሩብ ሰዓት ውስጥ ወረደ። የደመራ ዝናብ የለመድነው ነው፣ ማንም አልሸሸም። ቤት ስንገባ ጋቢው የዶሮ ላባ ይሸታል፣ ጭስ አለው፣ ቢጫው ደግሞ እርጥበቱን ተከትሎ ሰፍቷል። በ18 እናቴ ራሷ "የቱ ጋ ነች ሴትዮዋ?" አለችኝ።

ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር የሄድኩት። ሁለቱ እናቶች "እንደምን ሰነበቱ" "እንዴት ከርመዋል" "ክረምቱ እንዴት አደረገዎ" ተባብለው ቡና ተፈላ፣ እኔ ተረሳሁ። በሦስተኛው ሲኒ ላይ እናቴ ጋቢውን አወጣች፣ እትዬ ከጓዳ የደረቀ እንዶድ በሰፌድ አመጡ፣ ወቅጠው ዘፍዝፈው አረፋ አወጡለት። (የእንዶድ ነገር፣ እኔ በትምህርት ነው የማውቀው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የመከላከያ ምርምሩን የጀመረው። ለእትዬ ነገርኳቸው፣ "ቀንድ አውጣውን ተወው፣ ለጋቢ ነው" አሉ።) ቢጫው ለቀቀ ልበል? አንድ ሁለቱ ለቋል። ሌላው ወደ ቅቤ ቀለም ዞሯል፣ የሚያውቅ ነው የሚያየው። ሂሳብ አልተቀበሉም። እና ጋቢው ያኔ ስንት ቀን እንደፈጀ ታውቃላችሁ? ጠዋት ተሰጥቶ በማግስቱ እኩለ ቀን እናቴ ይዛው ቆላ ድባ ሄደች።

ከ20 በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በአንድ ቀን አይደለም፣ አንድ ጠዋት ስትነሱ መንገዱ ላይ ጭቃው ተሰንጥቋል፣ በሌላው ቀን እሸት በቆሎ የምትጠብሰዋ ልጅ ከላስቲኳ ውስጥ ወጥታ ደጅ ተቀምጣለች፣ ከዛ እንደገና አንድ ማታ ዶፍ። የእትዬ መስከረም 25 ሲደርስ ለማየት ጓጉቼ ነበር፣ ዘነበ እንዴ? አልዘነበም። በ27 ዘነበ።

አሁን ጥቅምት ነው፣ ጠዋት ገመድ ላይ የወጣ ጋዋን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርቆ ካውያ እየጠበቀ ነው። ታዲያ ደስ ሲለኝ ሌላ መዘዝ መጣ። ፀሐይዋ የወጣችው ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ከተማው በሙሉ የክረምቱን ብርድ ልብስ፣ ቡልኮ፣ የፍራሽ ጨርቅ፣ መጋረጃ ይዞ ወደ እትዬ ወርዷል፣ በረንዳው ላይ ማዳበሪያ ተደርድሮ ጣራ ሊነካ ነው። ባለፈው ሳምንት ጋዋኔ አምስት ቀን ፈጀ! ነሐሴ ላይ እንኳን አራት ነበር። ለማድረቅ ግማሽ ቀን፣ ተራ ለመጠበቅ አራት ቀን ተኩል። የበርሜሉ ውሃም እያለቀ ነው፣ የቧንቧውን ፈረቃ መጠበቅ ተጀምሯል። በዚያ ላይ አቧራ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከመንገዱ የሚነሳው ደቃቅ ነገር በበሩ በኩል ያለው ገመድ ላይ ያርፋል፣ ነጭ ካላችሁ "ወደ ውስጥ ይሰጣልኝ" ብላችሁ ንገሩ፣ ካልነገራችሁ አያስታውሱም።

ሂሳቡ፣ ሸሚዝና ጋዋን ከነካውያው 50 ብር፣ ሱሪ 60፣ ጋቢ 200፣ ብርድ ልብስ እንደ ውፍረቱ እየታየ። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ በልጃቸው ስልክ። ደረሰኝ የለም፣ ምልክቱ ክር ነው፣ የእያንዳንዱ ደንበኛ ቀለም አለው፣ የኔ አረንጓዴ ነው፣ አንገቱ ሥር አንድ ስፌት ጣል ያደርጉበታል። እስካሁን የጠፋብኝ አንድ እግር ካልሲ ነው፣ በምትኩ የሌላ ሰው አንድ እግር ካልሲ ሰጥተውኛል፣ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግራጫ ናት፣ የፈለጋት ካለ አለች። እሁድና የበዓል ቀን ዝግ ናቸው፣ በዓሉ ደግሞ ብዙ ነው፣ በስልካችሁ ካላንደር ሳይሆን በግድግዳው ነው የሚሄዱት፣ ማርያም ሚካኤል እያላችሁ ቆጥራችሁ ሂዱ።

ኮከቡን አራት አድርጉልኝ። ለነሐሴ ሦስት ነበር ብያለሁ፣ ከመስከረም 2 እስከ 20 ላለው አምስት፣ ለጥቅምት ወረፋ ምን እንደምሰጥ እያሰብኩ ነው። በነሐሴ ሄዳችሁ "አልደረቀም" ስትባሉ አትቆጡ፣ ያልደረቀውን ደርቋል ብሎ የሚሰጥ ቤት ሞልቷል። ጋቢ ያለው ሰው ደግሞ አዘዞ እንዳይላክብኝ ብሎ አስቀድሞ ይናገር፣ አደዩ እስኪረግፍ ድረስ።

ይሄን እየጻፍኩ ልጃቸው ደወለ፣ ስልኩን እትዬ ተቀበሉት። "ልብስህ ደርቋል። ጎሃ ላይ አንድ ደመና ቆሟል፣ ምን እንዳሰበ አይታወቅም፣ ሳይወርድ ቶሎ ና ውሰድ።"